እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥ

እዚህ ሜሪላንድ የማታ የድርሰት ክፍል ገብቼ ነበር። አስተማሪዋ ታሪኬን አነበበችና የፊቱን ሦስት ገጽ ሰረዘችው። ከአያቴ ነበር የሚጀምረው። «ከአደጋው ጀምር፣ አያትህ በኋላ ይደርሳሉ» አለችኝ። አዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ ለተማረ ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀ። «ምልሰት ተጠቀም ነው ያለችህ። ካለህበት ቁምና ወደ ኋላ ተመለስ።»

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። እኛ ሰው ስናስተዋውቅ ከነዘሩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ገና ሳይወለድ ከአባቱ ከቦጋለ መብራቱ ይነሳሉ። መጨረሻው ደግሞ ርዕሱ ላይ ተጽፏል! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቤታችን ጸጥ የሚለው መቃብሩ እንደማይቀር እያወቅን ነው።

ጎረቤቴ አሜሪካዊ ነው። እናቱ ያረፉ ቀን ስልክ ተደወለለት። «እናትህ አሁን አረፉ፣ እናዝናለን።» አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ።

የአባቴ ጊዜ ግን ለእኔ የደወለ የለም። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰባት ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ በደህና?»

«ደህና ነው። እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ውሃ ሰጡኝ። ስለ ብርዱ ተወራ። «አባባን ትንሽ አሟቸው ነበር» አለ አንዱ፣ ወለሉን እያየ። አክስቴ ካፖርቷን እስከ ላይ ቆልፋለች። የነጠላዋ ጥለት ግን በአንገቷ በኩል ብቅ ብሏል። ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ንግር የሚሉት፣ የሚመጣውን ቀድሞ ጠቆም ማድረግ፣ ለእኔ ያቺ ጥለት ናት።

አባቴ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖታል። አገር ቤት ሳልስቱ ወጥቷል፣ እኔ ቤት ገና ትንሽ አሞታል። ለቅሶው ሲበርድ ነው ወደ ኋላ የተሄደው። መጀመሪያ ቀብሩን ነገሩኝ፣ ቀጥሎ ሕመሙን፣ በመጨረሻ ስሜን እየጠራ እንደነበር። ለካ ምልሰቱንም እናውቅበታለን።

ይህንኑ ጽፌ ክፍል ወሰድኩት። አስተማሪዋ «ለምን ወዲያው አልነገሩህም?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እሷን ሰምቼ አያቴን አውጥቻለሁ፣ ታሪኩም ከበሩ ይጀምራል። «ሞተ» የሚለው ቃል ግን አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። እሱን አልነካም።