በሩን የማይቆልፈው ማን ነበር? (ክርክር)

የክርክሩ ነጥብ፦ «በእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች የድሮ ልጅነት ከዛሬው ይሻል ነበር።» ደጋፊው በ1970ዎቹ ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ ሴትል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያደገ ነው። ተቃዋሚዋ በ2001 በሰባት ዓመቷ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው ሚድልስብራ ከተማ የገባች ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የሴትሉ፦

ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ድምፅ ነው፣ ንጋት ላይ የወተት ጠርሙስ ሲንቃጭ። ወተት አመላላሹ በባትሪ የምትሄድ ዝግ ያለች መኪናውን ይዞ ይመጣና ደጃፍ ላይ ሙሉውን አስቀምጦ ባዶውን ይወስዳል፣ ቶሎ ካላነሳኸው ብሉ ቲት የምትባል ትንሽ ወፍ ክዳኑን በመንቆሯ በስታ ላዩ ላይ የሰፈፈውን ክሬም ትጠጣብሃለች። እናቴ ወፏን «ይቺ ሌባ» ነበር የምትላት፣ በአማርኛ ስትሰድባት ጎረቤቶቻችን ለወፏ የምትጸልይ ይመስላቸው ነበር።

አባቴ ሊድስ ሊማር መጥቶ አብዮቱ በ1974 ሲፈነዳ መመለሻ አጣ። እናቴ ነርስ ስለነበረች ሥራ ያገኘችበት አካባቢ ሄድን፣ ሴትል አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር። ስምንት ዓመቴ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ሴትል ገበያ ነው፣ ገበያው በ1249 በንጉሥ ፈቃድ የቆመ ነው፣ ዛሬም ቀኑ ማክሰኞ ነው። በ10 ፔንስ ከረሜላ በከረጢት ተሞልቶ ይሰጥሃል። መስከረም መጨረሻ ላይ ኮንከር የሚባለውን ቡናማ ፍሬ ከዛፍ ሥር ለቅመን በክር ሰክተን እናጋጫለን፣ የማን ቀድሞ ይሰበራል እያልን። ኖቬምበር 5 ደግሞ እሳት አለ፣ ያው እንደ ደመራችን ነው፣ በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዳ ሲል የተያዘው የጋይ ፎክስ ቀን፣ ከአሮጌ ልብስ ሰው ሠርተን በጋሪ እየገፋን ሳንቲም እንለምናለን።

የ1976ቱን ሰመር የኖረ ሰው አይረሳውም። 15 ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ እንግሊዝ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ይበልጥ ነበር፣ መንግሥት የድርቅ ሚኒስትር እስከመሾም ደረሰ። እኛ ከቁርስ በኋላ ወጥተን ሪብል ወንዝ ውስጥ ውለን ሲርበን ብቻ ነበር የምንመለሰው። የት ነበርክ የሚል የለም። ካጠፋህ ግን ማንኛዋም ሴት ትቆጣሃለች፣ ቤትህ ሳትደርስ ወሬው ቀድሞህ ይደርሳል። በር የሚቆልፍ ሰው አልነበረም፣ እናቴ ብቻ ነበረች የምትቆልፈው፣ እሷም የአዲስ አበባ ልማዷ ሆኖባት ነው።

ይሄ ዝም ብሎ የኔ ናፍቆት አይደለም። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ሰባትና ስምንት ዓመት ከሆናቸው ልጆች 80 ከመቶው ብቻቸውን ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ በ1990 እንደገና ሲጠና 9 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አንድ አገር ልጆቹን ከመንገድ ላይ አነሳ። ይሄ አያሳዝንም?

የሚድልስብራዋ፦

ጋሼ፣ አነበብኩት፣ ያምራል። ወፏንም ወደድኳት። ግን አንድ መስመር ላይ ደርሼ ማለፍ አቃተኝ። «በር የሚቆልፍ አልነበረም፣ እናቴ ብቻ።» ይቅርታ ያድርጉልኝና የመንደሩ ሰው ሁሉ ሳይቆልፍ አንዲት ሴት ብቻ ስትቆልፍ፣ ያቺም ሴት የመንደሩ ብቸኛ ጥቁር ሴት ስትሆን፣ የአዲስ አበባ ልማድ ነው ተብሎ ይታለፋል እንዴ?

የኛን ቤት ልንገርዎት። በ1999 የወጣው የጥገኝነት ሕግ የት መኖር ትፈልጋላችሁ ብሎ አይጠይቅም፣ ክፍት ቤት ያለበት ከተማ ይልካችኋል። እኔና እናቴ ሚድልስብራ ደረሰን። ስሟን ሰምተን አናውቅም። ያኔ ገንዘብ አይሰጥም፣ ቫውቸር ነበር፣ በሳምንት 10 ፓውንዱ ብቻ በጥሬው ይወጣል፣ ሌላው ወረቀት ነው። በቫውቸር ሲገዛ ሱፐርማርኬቱ መልስ አይሰጥም፣ ደንቡ እንደዛ ነበር። የአምስት ፓውንድ ቫውቸር ይዘን ዕቃው 4.60 ከመጣ 40 ፔንሷ ቀረች ማለት ነው። እናቴ ደግሞ 40 ፔንስ የምትተው ሰው አይደለችም። «ሩጪ፣ የ40 ፔንስ ነገር ፈልጊ» ትለኛለች፣ እኔ በመደርደሪያዎቹ መሀል እሮጣለሁ፣ ሰልፉ ይቆማል፣ ከኋላችን ያሉት ይተነፍሳሉ፣ አንዷ ደግሞ ጮክ ብላ የሆነ ነገር ትላለች፣ እኔ እንግሊዝኛው ቶሎ ስለገባኝ ለእናቴ ሳልተረጉምላት እቀራለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቫውቸሩ በ2002 ቀረ፣ እኔ ግን እስከዛሬ ካሸር ፊት ስቆም ልቤ ይመታል።

የኛ በር ሁለት ቁልፍና ሰንሰለት ነበረው። ፖስታ የሚገባበትን የበሩን ቀዳዳ እናቴ በቴፕ አሽጋዋለች፣ ምን ይገባበት እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። ከዛ ልጅነት የሚወደድ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ድሮ ይሻል ነበር ሲሉኝ ለማን ብዬ እጠይቃለሁ።

የሴትሉ፦

ልጄ፣ የደረሰባችሁ አሳዝኖኛል፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ግን እናቴን እዚህ ውስጥ ባታስገቢያት ደስ ይለኛል። እናቴ ያደገችው የግንብ አጥር፣ የብረት በርና ዘበኛ ባለበት ግቢ ነው፣ ማታ ማታ በር ተቆልፎ እንደሆነ ሳትነካ አትተኛም ነበር፣ ሊድስ እያለንም እንደዛው ነበረች። የኔን እናት ካንቺ በላይ አውቃታለሁ መሰለኝ።

ደግሞ አንቺ የምትነግሪኝ 2001ን ነው። እኔ የማወራው ከዛ በፊት ስለነበረው ነው። አንቺ የገባሽበት ከተማ ከተሰበረ በኋላ ነው የደረስሽበት። በ1963 ቢቺንግ የሚባሉት ሰውዬ ከ2,000 በላይ የባቡር ጣቢያ ይዘጋ ብለው ሪፖርት አወጡ፣ ትንንሹን ከተማ ከአገሩ ቆረጡት። በ1984 የማዕድን ሠራተኞቹ አድማ መጣ፣ ተሸነፉ፣ ጉድጓዱ ተዘጋ። በ1986 ከለንደን ውጪ ያለው ባስ ለግል ኩባንያ ተለቀቀ፣ የማያተርፈው መስመር ቀረ። የናንተም ብረት ፋብሪካ እየሞተ ነበር። ሥራ የሌለው፣ ባስ የሌለው፣ ክበብ የሌለው ከተማ ላይ መንግሥት ሳይጠይቀው ስደተኛ ሲያራግፍበት የሚሆነውን ነው ያየሽው። የኛ መንደር እንደዛ አልነበረችም። በ1979 በረዶው ደጃችንን ሲዘጋው እናቴ የሌሊት ፈረቃ ነበረችና ጎረቤታችን አካፋ ይዞ እስከ መንገዱ ድረስ ጠርጎላታል፣ ሳይጠየቅ።

ይሄ አገር እንግዳ መቀበል ያውቅበት ነበር። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 ባዝ ከተማ ሲኖሩ ሰው አክብሯቸው ነው የኖሩት፣ በኋላም ፌርፊልድ የሚባለውን ቤታቸውን ለከተማው አዛውንቶች ብለው ሰጡ። 80 ከመቶውን ደግሞ ዝም ብለሽ አለፍሽው።

የሚድልስብራዋ፦

መጀመሪያ ልጄ አይበሉኝ። 30 አልፌያለሁ፣ የራሴ ልጅ አለኝ።

ጃንሆይን ከእናቴ ጋር እንዴት አንድ ላይ እንዳስቀመጧቸው አልገባኝም። ንጉሠ ነገሥት ቤት ገዝተው ነው የገቡት። እናቴ ቁልፉን የተቀበለችው ከካውንስል ሠራተኛ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ማንኪያ እንኳ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ነገሩ «ድሮ ይሻል ነበር» መሆኑ ቀርቶ «ድሮ ይሻል ነበር፣ ሌላ ሰው አበላሸው» ሆነ። እሺ፣ ስለዛው ድሮ እናውራ። በእርስዎ ጊዜ አስተማሪ ልጅን በዱላ ይገርፍ ነበር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተከለከለው በ1987 ነው። ልጆች የመኪና ኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ እንዲያስሩ የተገደዱት በ1989 ነው። ዌልስ ውስጥ አበርፋን የምትባል የማዕድን መንደር በ1966 የከሰል ቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ትምህርት ቤቱ ላይ ወደቀ፣ 144 ሰው ሞተ፣ 116ቱ ልጆች ነበሩ። የክምሩን አደጋ የመንደሩ ሰው አስቀድሞ ተናግሮ የሰማው አልነበረም። ከእነዚህ ስንቶቹ በእርስዎ ትዝታ ውስጥ አሉ?

ወደ በሩ ልመለስ። ሊድስም ትቆልፍ ነበር አሉኝ። ሊድስ ትልቅ ከተማ ነው፣ ጎረቤትዎም ይቆልፋል። መንደር ውስጥ ግን ማንም የማይቆልፍ ከሆነ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያዩ ይለመዳል። እናቴ እኮ ከሳሪስ ነው የመጣችው፣ ጎረቤት ለጎረቤት በር ተከፍቶ ቡና የሚጠራሩበት ሰፈር፣ መቆለፍን ያስተማራት ሚድልስብራ ነው። ሰው የሚቆልፈው ሲፈራ ነው። ጠይቀዋት ያውቃሉ?

ትዝታ የላትም እንዳይሉኝ ደግሞ፣ አለኝ። ቲስ ወንዝ ላይ ያለው ትራንስፖርተር ድልድይ፣ በ1911 የተከፈተ፣ እስከ 2019 መኪናውን ከነሰዉ በተንጠለጠለ ሳጥን ወንዙን ያሻግር የነበረ፣ እናቴ የመጀመሪያ ጊዜ ስትሳፈርበት ዐይኗን ጨፍና «ማርያም ማርያም» ስትል ከጎናችን የነበረ ሽማግሌ እጇን ይዟታል። አርብ ማታ ፓርሞ፣ ዶሮው በዳቦ ፍርፋሪ ተጠብሶ ነጭ ሶስና ቺዝ የሚደረግበት፣ ከሚድልስብራ ውጪ የሚያውቀው የለም፣ አንዱን ለሁለት እንካፈላለን። የአይስክሬም ቫኑ ሙዚቃ ደግሞ ከሩቅ ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ እየሮጠ ይወጣል፣ እኔም።

የሴትሉ፦

እንዴ! «ከዛ ልጅነት የሚወደድ ነገር አልነበረም» ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ከላይ አለ። አሁን ድልድይ፣ ፓርሞ፣ አይስክሬም፣ የእናትሽን እጅ የያዘ ሽማግሌ። ይሄን ሁሉ ይዘሽ ነው የኔን ወተትና ወንዝ የምትከለክይኝ? ያ ሽማግሌ እኮ የኔ መንደር ሰው ነው፣ እኔ ስለሱ ነው ከመጀመሪያው የማወራው።

በሩን በሩን አልሽ። እናቴ በ2009 ነው ያረፈችው፣ ጠይቃት የምትይኝን አሁን ማንን ልጠይቅ? እሺ ልንገርሽ፣ ይሄን ለማንም ጽፌ አላውቅም። በ1978 አንድ ጠዋት ስንነሳ ግድግዳችን ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ፊደል ተጽፎ አገኘን፣ ኤን እና ኤፍ። ናሽናል ፍሮንት ማለት ነው፣ ጥቁርና ስደተኛ አንፈልግም የሚል ፓርቲ፣ ያኔ በየከተማው ይጻፍ ነበር። አባቴ ቆሞ አየው፣ ምንም አላለም፣ ሥራ ሄደ። ያ በረዶ የጠረገልን ጎረቤታችን ነው ባልዲና የሽቦ ብሩሽ ይዞ መጥቶ እስኪመሽ ሲፍቀው የዋለው። ድንጋዩ ሻካራ ስለነበረ ቶሎ አልለቀቀም። እኔ ባልዲውን እየሞላሁ አቀብለው ነበር። አንቺ የጻፈውን ማስታወስ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። እኔ ግን ሰውየውን ነው የማስታውሰው፣ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ። ይሄን ትዝታ ማንም ውሸት ነው እንዲለኝ አልፈልግም።

የሚድልስብራዋ፦

ውሸት ነው አላልኩም። አንድም ቦታ ላይ አላልኩም።

ነፍሳቸውን ይማር። ግን ጋሼ፣ ይሄን መጀመሪያ ቢጽፉት እኔ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም ነበር። ወፏን ጻፉ፣ ኮንከሩን ጻፉ፣ ግድግዳውን ተዉት፣ ቁልፉን ደግሞ በአዲስ አበባ አሳበቡ። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። እናትዎ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አንብባ ማታ ቆልፋ እየተኛች፣ ልጇ 50 ዓመት ቆይቶ «ልማዷ ነው» ሲል። የፋቀው ሰውዬም ያለ ጽሑፉ ምን እንዳደረገ አይታወቅለትም እኮ፣ ባዶ ግድግዳ ሲፍቅ የዋለ ነው የሚመስለው።

የሴትሉ፦

ልማዷ ነበር። ነው የምልሽ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።

80 ከመቶውን ግን አሁንም አልመለስሽልኝም፣ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ልጄ አትበለኝ ብለሽኛልና እህቴ ልበልሽ። ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው? ብቻውን ትምህርት ቤት ይሄዳል? እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ሁለት ማይል በእግሬ እሄድ ነበር፣ ዝናብ ላይ።

የሚድልስብራዋ፦

ዘጠኝ ነው። ብቻውን አይሄድም። ትምህርት ቤቱ አራት መንገድ ነው የሚርቀው፣ እጁን ይዤ ነው የምወስደው፣ እሱ ያፍርብኛል፣ ቢሆንም እይዘዋለሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ኦገስት 4 ቀን 2024 እሁድ፣ ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ በየከተማው ረብሻ በተነሳበት ሳምንት፣ ሚድልስብራ ውስጥ ሰዎች የየቤቱን መስኮት እየሰበሩ አለፉ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና እያስቆሙ ሹፌሩን ነጭ ነህ ወይ ብለው ጠየቁ። በቪዲዮ ተቀርጿል፣ አገር አይቶታል። ከኛ ቤት ሩቅ አይደለም። መብራት አጥፍተን ልጄን ኮሪደሩ ውስጥ ይዤው ተቀመጥኩ፣ መስታወት የሌለበት እሱ ጋ ብቻ ስለሆነ። እናቴ ስልክ ደውላ «ቀዳዳውን ቴፕ አድርጊበት» አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል እኮ።

የሴትሉ፦

አይቼዋለሁ፣ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። በነጋታው መጥረጊያና አካፋ ይዘው የወጡትንስ አላየሻቸውም? በመቶ የሚቆጠር ሰው ነው የወጣው፣ መስታወቱን የጠረጉት፣ አጥር መልሰው የሠሩት። እነሱ ናቸው እኮ የምልሽ። ከመጀመሪያው የምልሽ እነሱን ነው።

የሚድልስብራዋ፦

አይቻቸዋለሁ ጋሼ። እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። ልጄ ከረጢቱን ይይዝልኛል፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከቤቷ ሻይ አውጥታ ሰጠችን፣ ለሱም ብስኩት። እስከ ቀትር ጠረግን። ከዛ ቤት ገባንና ሁለቱንም ቁልፍ ቆለፍኩ፣ ሰንሰለቱንም።