ለመጋረጃ ቀዳዳ አርበኞች የቀረበ ምስጋና

ለፕሬስ ነፃነት ብዙዎች ታስረዋል፣ ተሰደዋል፤ ውለታቸው ሳይዘከር የቀረው ግን የጓዳ ወሬ ነጋዴዎች ናቸው። ሌላው ጋዜጠኛ የበጀት ሰነድ ሲያገላብጥ ዓይኑን ያጠፋል፤ እነርሱ አንዲት የመጋረጃ ቀዳዳ ካገኙ ለሕዝብ ጥቅም የማይከፍሉት መሥዋዕትነት የለም።

የኒው ዮርኩ ድረ ገጽ ጋውከር እ.ኤ.አ. በ2012 የፈጸመውን ገድል እንውሰድ። የነፃ ትግል ዝነኛው ሀልክ ሆገን፣ በመዝገብ ስሙ ቴሪ ቦሊያ፣ ሳያውቅ መኝታ ቤት ውስጥ የተቀረጸበት ቪዲዮ እጃቸው ሲገባ፣ ሕዝቡ በጨለማ እንዳይቀር በማሰብ ቀንጭበው ለቀቁለት። ሆገን ሲከሳቸውም፣ ሰውየው ስለ አልጋ ጀብዱው በአደባባይ ሲያወራ ኖሯልና ምስሉም የሕዝብ ጉዳይ ነው ሲሉ ተከራከሩ፤ ስለ ምሳው ያወራ ሰው ሆዱ ተከፍቶ ይታይ እንደማለት ነው። ከሳሹም በበኩሉ የሚፎክረው ሀልክ ሆገን የተባለው ገጸ ባሕርይ እንጂ ቴሪ ቦሊያ አለመሆኑን ለችሎቱ አስረዳ። አንዱ እየፎከረ ሌላው የሚያፍርበት ይህ የሥራ ክፍፍል ለዝነኞች ሁሉ የሚመከር ነው።

ከሁሉ የላቀው ግን ጽሑፉን ያወጣው አዘጋጅ በቃለ መሐላ የሰጠው ምስክርነት ነው። የዝነኛ ሰው የወሲብ ቪዲዮ ዜና የማይሆነው መቼ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሕፃን ከሆነ ነው አለ፤ ከስንት ዓመት በታች ሲባል ደግሞ «አራት» ሲል መለሰ። ኋላ ላይ ቀልድ ነበር ተባለ፤ የፍሎሪዳ ጁሪ አባላት፣ ማለትም ለፍርድ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ግን ቀልድ የማይገባቸው ሰዎች ሆነው ተገኙና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በጋውከር ወገን ላይ የ140 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ።

እዚህ ላይ በጎ አድራጊያችን ብቅ ይላሉ። ቢሊየነሩ ፒተር ቲል፣ የጋውከር እህት ገጽ እ.ኤ.አ. በ2007 ግብረ ሰዶማዊ መሆናቸውን ጽፎ ስላጋለጣቸው፣ ቂማቸውን ዓመታት አሳድረው ለክሱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር በስውር ከፍለዋል። ምስጢሩ ሲወጣም ሥራውን ካከናወኗቸው ታላላቅ የበጎ አድራጎት ተግባራት አንዱ አድርገው እንደሚቆጥሩት ለኒው ዮርክ ታይምስ ተናገሩ። ጉድጓድ አስቆፍሮ ውኃ ያጠጣ ሁሉ ይማርበት! የሆገን ጠበቆች የጋውከር መድን ድርጅት ሊሸፍነው ይችል የነበረውን የክስ ነጥብ ራሳቸው ከክሱ መሰረዛቸውም ለገንዘብ ግድ የሌለው ንጹሕ ልብ ምስክር ነው።

ጋውከር በዚያው በ2016 ሰኔ ላይ ኪሳራ አወጀ፣ ንብረቱ ለቴሌቪዥን ኩባንያው ዩኒቪዥን በ135 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ ገጹም ነሐሴ ላይ ተዘጋ። ሆገንም በኅዳር በ31 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ነፃነቱን ከሰው አልጋ ሥር ያስገቡት አርበኞቻችን ናቸው፤ ባለጠጋው ጎትቶ ለማውጣት የቼክ ደብተር ብቻ በቃው።

አንባቢውም አይረሳ። ገጹን ከከፈቱት በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ቪዲዮውን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አይቶ «ምን ዓይነት ነውር ነው!» ሲል የተቆጣ ጨዋ አይጠፋም። እንዲህ ሁሉም ድርሻውን ተወጥቶ፣ ዛሬ የባለጠጋ የውል ሰነድ የያዘ ጋዜጠኛ ወደ አዘጋጁ ሲገባ የሚቀድመው ጥያቄ «እውነት ነው ወይ?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «ሰውየው ስንት ጠበቃ ያቆማል?» የሚል ሆኗል።