12 ምት ጆ ጃክሰንን ነጻ አያወጣውም

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ «ባዶ እግሩ» ጆ ጃክሰን የቤዝቦል የዝና አዳራሽ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1919 ወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍልሚያ) ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ለመሸነፍ አሲረዋል ተብለው ለዕድሜ ልክ ከታገዱት የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች አንዱ ነው። የሊጉ የበላይ ኃላፊ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የዕድሜ ልክ እገዳ በሞት ያበቃል ብለው ጃክሰንን ጨምሮ የ17 ሟቾችን እገዳ አነሱ። የሞተ ሰው ለጨዋታው ክብር ስጋት አይሆንም ነው ምክንያታቸው። ለመሆኑ እገዳ መቼ ለሟች ተብሎ ተጥሎ ያውቃል? የተጣለው ነገ ቁማርተኛ በሩን የሚያንኳኳበት ወጣት እንዲፈራ ነው። በገዛ ቡድኑ ጨዋታዎች ላይ ተወራርዶ በ2024 ለዕድሜ ልክ የታገደው ቱኩፒታ ማርካኖም ቅጣቱ መቃብር ላይ እንደሚያበቃ ከአሁኑ ተነግሮታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የጃክሰን ጠበቆች የማይሰለቻቸው ጥያቄ ነው፦ «በ1919 ወርልድ ሲሪስ 0.375 የመታ ሰው እንዴት ጨዋታ ሸጠ ይባላል?» ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከ32 ሙከራ 12 ምት፣ ማለትም ኳሷን መትቶ ቤዝ (ሯጩ የሚቆምበት ማረፊያ) በሰላም የደረሰባቸው። እስቲ 12ቱን በየጨዋታው ዘርዝሯቸው። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በተሸነፈባቸው አምስት ጨዋታዎች ከ21 ሙከራ 6 መታ፤ 0.286። ባሸነፈባቸው ሦስት ጨዋታዎች ከ11 ሙከራ 6፤ 0.545። በመጀመሪያው ጨዋታ ከ4 ሙከራ ዜሮ፣ በአምስተኛውም ከ4 ዜሮ። በሁለተኛው 3 ጊዜ መትቷል፣ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ አምስተኛው ጨዋታ ድረስ በእሱ ምት ነጥብ ያስቆጠረ አንድም ሯጭ የለም። በእሱ ምት የተቆጠሩት ስድስቱም ነጥቦች የመጡት ከስድስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ነው፤ ቁማርተኞቹ ቃል የገቡትን ገንዘብ ካጓደሉ በኋላ ማለት ነው። ያ የሚወራለት ሆም ረን፣ ኳሷን ከአጥር ውጭ የላከበት ምትስ? ስምንተኛው ጨዋታ፣ ሦስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር)፣ ተጋጣሚው ሲንሲናቲ ሬድስ 5 ለ 0 እየመራ፣ ቤዞቹ ላይ ሰው ሳይኖር!

«አንድም ስህተት አልተመዘገበበትም» ይሉናል ደግሞ። መዝጋቢው ስህተት ብሎ የሚጽፈው በተራ ጥረት የሚያዝ ኳስ ሲያመልጥ ነው። እንደ ጃክሰን ያለ የግራ ሜዳ ተከላካይ ሁለት እርምጃ ዘግይቶ ቢነሳና ኳሷ ነጥራ አጥር ስር ብትደርስ፣ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የመቺው ንጹሕ ምት ነው። ለዘገየ እግር የተሰመረ ዓምድ የለም።

ደግሞስ ምን ያከራክረናል? ሴፕቴምበር 28 ቀን 1920 ራሱ ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስን የዜጎች ጉባኤ) ፊት ቀርቦ 20,000 ዶላር ቃል ተገብቶለት 5,000 ከቡድኑ ወርዋሪ ከሌፍቲ ዊሊያምስ መቀበሉን ተናግሯል። የዓመት ደሞዙ 6,000 ነበር። በኦገስት 1921 ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው፣ የያኔው ኮሚሽነር ላንዲስ በማግስቱ አገዱት፤ ደግ አደረጉ።

ችሎታውን የሚክድ የለም። በ1911 0.408 የመታ፣ የሕይወት ዘመን አማካዩ 0.356 የሆነ ሰው ነው። በሳውዝ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማደጉ፣ ማንበብና መጻፍ አለመቻሉ ያሳዝናል። ብር ለመቀበልና ላለመቀበል ግን ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ይቅርታ ይደረግ ከተባለ ቀዳሚው አብሮት የታገደው የቡድን ጓደኛው ባክ ዊቨር ነው። ሴራውን ሰምቶ ዝም አለ እንጂ አምስት ሳንቲም አልወሰደም፤ በዚያው ሲሪስ 0.324 መታ፣ እገዳው ይነሳልኝ እያለ ሲያመለክት ኖሮ በ1956 ሞተ። ጃክሰን ጃክሰን ከሚሉት ስንቱ ነው ስሙን የሚያነሳው?

የድሮ ተጫዋቾችን የሚመርጠው ኮሚቴ በዲሴምበር 2027 ሲሰበሰብ ከ16 ድምፅ 12 ካገኘ ጃክሰን አዳራሹ ገባ ማለት ነው። 16ቱ ድምፅ ሰጪዎች 0.375ን ከማየታቸው በፊት የስምንቱን ጨዋታዎች መዝገብ አንድ በአንድ ያንብቡ፤ 5,000 ዶላሩንም ከጎኑ ይጻፉበት።