ንባብ ሳይማር ትርጓሜ ለገባው ባለሙያ ምስጋና ይድረሰው

የጎንደር የትርጓሜ መምህራን አንድ ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ምስጢሩን ሲያወርዱት መስማት ደስ ያሰኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ዘዴያቸው ጊዜ ይፈጃል። መጀመሪያ ንባቡን ያነባሉ። ፊደል ያልቆጠረ፣ ንባብ ቤት ያልከረመ ሰው ጉባኤ ገብቶ «አንድም» ልበል ቢል የሚሰማው የለም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ላፕቶፕ አንግቶ የሚመላለሰው የኮምፒውተር ባለሙያችን ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶልናል። እርሱ ንባቡን ዘሎ በቀጥታ ትርጓሜው ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ስህተቱን ጽፎ ሳይጨርስ «አንድም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው፤ አንድም ቫይረስ ነው፤ አንድም ይኼ ሊኑክስ የሚሉት ነገር ራሱ ነው» ብሎ ያወርደዋል።

የዚህ ሰው ችሎታ አምሮ የሚታየው ዊንዶውስ ላይ ያደገ እጁ ኡቡንቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ፣ ከሊኑክስ ወገን የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አንድ መድኃኒት መደብር አለ እንበል። ባለቤቲቱ ቫይረስ ቢያስመርራቸው ኡቡንቱ አስጭነዋል፤ የመድኃኒቶቹን ብዛትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚመዘግበው ፕሮግራም ደግሞ ፖስትግሬስኪውኤል፣ በአጭሩ ፖስትግሬስ፣ የሚባለውን ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ይፈልጋል። ባለሙያችን ዳታቤዙን በአንድ መስመር ትእዛዝ ጫነ። እስከዚህ ድረስ ማንም ያደርገዋል። ልግባ ሲል ግን በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ «ፒር» የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ አልተሳካም የሚል።

ዊንዶውስ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር «እሺ» የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ያሰናብተው ነበር። እዚህ የሚጫኑት ነገር የለም። ባለሙያ መቼም መላ አያጣምና «ክሊር» ብሎ ጻፈ፤ ስክሪኑ ጠራ፤ ስህተቱም የተወገደ ያህል ትከሻው ቀለል አለው። ከዚያ ዞር ብሎ ጠየቀ።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃሉን ማን ነው የያዘው?»

«የምን የይለፍ ቃል ልጄ? ትናንት የጫንኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

የይለፍ ቃል ማንም አልጠየቀውም። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ፖስትግሬስ የይለፍ ቃል አውጣልኝ ይላል፤ ኡቡንቱ ላይ ግን ከዚያው ማሽን ላይ የሚመጣውን ሰው ማንነት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ጠይቆ ነው የሚያረጋግጠው። የገባው ተጠቃሚ ስምና የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ከገጠሙ ያስገባል፤ ካልገጠሙ ይመልሳል። በሌላ ተጠቃሚ ስም ለመሥራት በሚያስችለው «ሱዱ» በሚባለው ትእዛዝ በኩል «ፖስትግሬስ» የተባለውን ተጠቃሚ ሆኖ መግባት ይበቃ ነበር። ያቺ የጠፋችው መስመር የምትለውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በተጠየቀው ላይ መልስ መስጠት የተማሪ ሥራ ነው፤ ሊቅ የሚለየው ያልተጠየቀውን ሲመልስ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላለ ጓደኛው ተደወለ፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ማስታወሻ ደብተር ተገለጠ፣ የባለቤቲቱ የመጀመሪያ ልጅ የልደት ቀን ሳይቀር ተመረመረ።

እኛ ደንበኞቹም ብንሆን ከምስጋናው ልንጎድል አይገባም። ማሽኑ ሲያስቸግር የስክሪኑን ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም እንልካለን፤ ከስክሪኑ ግማሹ ይቀራል፣ በቀረው ግማሽ ላይ ደግሞ የስልኩ ብልጭታ ልክ ስህተቱ በተጻፈበት መስመር ላይ ያርፋል። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?» ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስም የታወቀ ነው፤ «ብዙ እንግሊዝኛ ነገር ይላል።» ከዚህ በላይ ትክክለኛ ምርመራ የት ይገኛል?

ወደ ሊቃችን እንመለስ። የይለፍ ቃሉ ሲታጣ ሁለተኛውን ትርጓሜ አወረደ፤ «አንድም የፈቃድ ጉዳይ ነው።» በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ከልግስናው ብዛት የተነሣ ሊወደስ ይገባዋል። 777 የሚባለውን ትእዛዝ ዳታቤዙ ዕቃውን በሚያኖርበት ማኅደር ላይ አወጀ፤ ያገኘ ሁሉ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያሻውን ያድርግ ማለት ነው። ከዚያ ፖስትግሬስን አጥፍቶ አስነሣው። አልነሣም። ምክንያቱንም ጻፈለት፦ «የመረጃ ማኅደሩ ፈቃድ ልክ አይደለም፤ 0700 ወይም 0750 መሆን አለበት።» ልብ በሉ፤ ይህ ፕሮግራም በሽታውን ብቻ ተናግሮ አልተወም፣ መድኃኒቱን ከነመጠኑ አዘዘ፤ ያውም መድኃኒት መደብር ውስጥ። ማኅደሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ አልነሣም ብሎ ማመፁም የሰዎችን ምስጢር ስለሚጠብቅ ነው። ባለሙያችን ይህን ሲያይ በትዕግሥት ፈገግ ብሎ «ክሊር» አለው።

የፖስትግሬስ ሠሪዎች ያሳዝኑኛል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተጀመረ ወዲህ ስንት ጭንቅላት ተቀምጦ ደክሞበታል። የስህተት መልእክቱ ብቻ አይበቃም ብለው ከሥሩ «ዝርዝር» የሚል መስመር፣ አንዳንዴም «ፍንጭ» የሚል ሌላ መስመር ጨመሩለት። ስክሪኑን ያላየ ቢኖር ብለው ደግሞ ሁሉንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ «ሎግ» በሚባለው ማኅደር እንዲመዘገብ አደረጉ። ይህን ሁሉ ከመልፋት አንድ ቀን ጎንደር መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ አያስፈልግም እንላቸው ነበር።

ሦስተኛው ትርጓሜ ፋየርዎል፣ ማለትም የኮምፒውተሩ በር ጠባቂ ነው። ይህ አይቀሬ ነው። የዐፄ ፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ አደናግር በር እየተባሉ በየስማቸው ይጠራሉ፣ ማን በየት እንደሚገባም የታወቀ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ደግሞ ፕሮግራሞች መልእክት የሚቀባበሉባቸው፣ «ፖርት» የሚባሉ 65,535 በሮች አሉት፤ ፖስትግሬስ የሚቀመጠው 5432ኛው ላይ ነው፣ ካላዘዙት በስተቀር ከውስጥ ለሚመጣ እንጂ ከውጭ ለሚያንኳኳ ጆሮ አይሰጥም። ባለሙያችን «የዘጋን ፋየርዎሉ ነው» ብሎ ፋየርዎሉን አጠፋ። ኡቡንቱ ሲጫን ፋየርዎሉ እንደጠፋ ነው የሚመጣው። የጠፋውን ያጠፋ ሰው ምን ይባላል? እኔ ጥንቁቅ እለዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ፖስትግሬስ ተነቀለ፣ እንደገና ተጫነ፤ ተራው የማስወገጃ ትእዛዝ ማስተካከያውንና መረጃውን እዚያው ትቶ ስለሚሄድ ያው በሽታ ከነፈቃዱ ጠበቀው። አዲሱ እትም ይሻላል ተብሎ ከአሮጌው ጎን ሌላ ተጫነ፤ 5432 የተያዘ ነውና አዲሱ 5433 ላይ ተቀመጠ፣ የመደብሩ ፕሮግራም ግን እዚያችው የድሮዋ በር ላይ እያንኳኳ ቀረ። አዲሱ የበሩን ቁጥር በማስተካከያው ፋይል ላይ ጽፎት ነበር። ማን ያነበዋል?

በመጨረሻ ሁላችንም ስንጠብቀው የነበረው የትርጓሜዎች ሁሉ ማሳረጊያ መጣ፤ «ፎርማት ይደረግ።»

በዚህች ቃል ፊት ኮፍያዬን አነሣለሁ። የዘገየ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ያጣ ስፒከር፣ ቀለም የጨረሰ ማተሚያ፣ ሁሉም በፎርማት ይድናል። ኡቡንቱ ተጠራርጎ ወጣ፤ ያልተገዛው ዊንዶውስ ከፍላሽ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የሚታወቀው ሰማያዊ ስክሪን ሲበራ የባለሙያችን ፊት አብሮ በራ። «ይኼው! አልኩ እኮ፣ ሊኑክሱ ነበር» አለ። እጁን እየታጠበም ለባለቤቲቱ የመጨረሻ ጥያቄውን አቀረበ።

«ለመሆኑ እትዬ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ነበረዎት?»

ባለቤቲቱ ገንዘብ ተቀባይዋን አዩ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ከመሳቢያው ጠርዙ የተበላ ሰፊ መዝገብ አወጣች። ልጅቷ ባለሙያው መጀመሪያ የመጣ ዕለት ጀምሮ እያንዳንዷን ሽያጭ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ኖራለች። ሊቃችን መዝገቡን አገላብጦ ተደሰተ፤ «ታዲያ ዳታቤዝ አላችሁ አይደል!» ብሎ የጥገናውን ሒሳብ «ወጪ» ከሚለው ዓምድ ሥር እንድትጽፍለት ነገራት። ምን እንደጻፈች ግን አላነበበም።