የመስታወት በር ስትመርጡ ተዘግቶ የሚውልበትን ቀን አስቡ

በር ክፍተቱ ነው። ክፍተቱን የሚሸፍነው ደግሞ መዝጊያ ይባላል። በየቀኑ እናቀላቅላቸዋለን እንጂ አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ከሳሎን ወደ በረንዳ የሚያወጣ ሰፊ የመስታወት በር ለማሠራት ያሰበ ሰው “የቱ ይሻላል?” ሲለኝ ይህች ቃል ትዝ ትለኛለች። ያን ሁሉ ገንዘብ የምናወጣበት ዕቃ ስሙ መዝጊያ ነው።

የምንመርጠው ግን ተከፍቶ አይተነው ነው። ፎቶው ላይ ግድግዳው የለም። ሳሎኑና በረንዳው አንድ ወለል ሆነዋል፤ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይውለበለባል። ያምራል፣ እኔም አይቼ አልጠግብም። እስቲ አሁን ቁጭ ብላችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ። ሌሊቱ አለ። ዝናቡ፣ ብርዱ፣ ነፋሱ፣ አቧራው፣ ትንኙ፣ ጠራራው ፀሐይ አለ። ቤቱ ባዶ የሚሆንበት የሥራ ሰዓት አለ። ይሄ ሁሉ ሲቀነስ በሩ ወለል ብሎ የሚከፈትበት ጊዜ ከዓመቱ ትንሹ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ተዘግቶ ሲውል ደስ የሚላችሁን ምረጡ። ለአብዛኛው ቤት ያ ተንሸራታች በር ነው።

እህቴ ቤቷን ስታሳድስ 4.5 ሜትር በሚሆን ክፍተት ላይ ባለ አምስት መዝጊያ ተጣጣፊ በር አስገጠመች። መዝጊያዎቹ በማጠፊያ ተያይዘው እንደ አኮርዲዮን እየታጠፉ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። ከክፍተቱ 90 በመቶ ገደማ ይለቃሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንግዳ በመጣ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ይከፈት ነበር። አሁን የሚከፈተው የዳሩ አንድ መዝጊያ ብቻ ነው፣ እንደ ተራ በር። አራቱ ተዘግተው ይውላሉ። እያንዳንዱ መዝጊያ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ ሁለት መዝጊያ በተገናኘበት ሁሉ ወፍራም አሉሚኒየም ቆሟል። ጓሮዋን የምታየው በአራት ቋሚ ፍሬሞች መሃል ነው። ሲታጠፉ ደግሞ ወደ በረንዳው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣሉ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ነበራት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሩ መነሳት ነበረበት። ሙሉ መክፈት የተወችበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

በተንሸራታቹ ላይ የሚነሳው ቅሬታ “ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው” የሚል ነው። እውነት ነው። ባለ ሁለት መዝጊያ ከሆነ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚገባ ግማሹ እንደተዘጋ ይቀራል። ባለ ሦስት ሆኖ ሁለቱ ከሦስተኛው ኋላ ከተደረደሩ ሁለት ሦስተኛው ይለቃል። ግን እኮ የአምስት ሜትር ግማሽ ሁለት ሜትር ተኩል ነው! በዚያ ሶፋ ያልፋል። ሁለት ሰዎች ትሪ ይዘው ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ሲዘጋ ደግሞ በአምስት ሜትር ውስጥ መሃል ላይ አንድ ቋሚ መስመር ብቻ ነው ያለው። ዓይናችሁ ዛፉን ያያል። መዝጊያው በሀዲዱ ላይ ስለሚሄድ ከሳሎኑም ከበረንዳውም ቦታ አይወስድም። ነፋስ ይዞት አይላጋም። አንድ ስንዝር ብቻ ከፍታችሁ አየር እንዲገባ መተውም ትችላላችሁ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ግን እሱን ነው።

ከባዱ ነገር ክብደቱ ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሁለት መስታወት ሲደረብ ካሬው 30 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። መዝጊያው 2.5 ሜትር በ2.4 ሜትር ከሆነ መስታወቱ ብቻ 180 ኪሎ ይመጣል፣ ፍሬሙ ሳይጨመር። ለዚህ የተሠራ ከፍ ብሎ የሚንሸራተት የሚባል ዓይነት አለ። እጀታውን ስታዞሩት መዝጊያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይልና በሮለሮቹ ላይ ይቆማል። ያኔ ያለ ብዙ ጉልበት ይሄዳል። እጀታውን ስትመልሱት ዝቅ ብሎ በማሸጊያ ላስቲኩ ላይ ይጫናል። ያ ሁሉ ክብደት ራሱ ማሸጊያ ይሆናል። ተራው ተንሸራታች ግን ብሩሹን ወይም ላስቲኩን እየታከከ ስለሚሄድ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። ነፋስ በበረታ ቀን ልዩነቱን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት።

ክፍተቱ ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ጥሩ ባለ ሁለት ተካፋች በር ይበቃል። በዙሪያው ላስቲኩን ተጭኖ ስለሚዘጋ ብርድ በማስቀረት ጎበዝ ነው። ነፋስ እንዳያላጋው መያዣ ብቻ ይኑረው። በቋሚ ዘንግ ላይ የሚዞረው ግዙፍ መዝጊያ በጣም ያምራል፤ ግን ለማሸግ ስለሚያስቸግር ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው በረንዳ አልመክረውም። ተንሸራቶ ግድግዳ ውስጥ የሚገባም አለ። እሱ ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል፣ ውስጡ የገባውን ቆሻሻ ማጽዳትም ቀላል አይደለም። መስታወቱን ጨርሶ ከዓይን የማጥፋት ምኞት የቆየ ነው። በቼክ ሪፐብሊክ በብርኖ ከተማ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1930 የተጠናቀቀው የቱገንድሃት ቤት ውስጥ ግዙፍ መስታወቶች በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ታችኛው ወለል ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቤቱ ገና ሲነደፍ አብሮ የሚታሰብ ነው።

ሰው ስለ መስታወቱ ይጨነቃል እንጂ በሩን የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ ጉበኑና ደፉ ናቸው። ከክፍተቱ በላይ ያለው ተሸካሚ ቢም ሸክም ሲበዛበት በትንሹም ቢሆን ይጎብጣል፣ መሃሉ ዝቅ ይላል። ወለል ለሚሸከም ቢም ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው የመጉበጥ ልክ የርዝመቱ አንድ 360ኛ ነው። ለስድስት ሜትር ቢም ይህ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ወለሉ ይችለዋል፤ ከሥሩ የተገጠመ በር ግን በዚህ ልክ ከተጫኑት ይነክሳል፣ አይከፈትም። ተጣጣፊው ከላይ የሚንጠለጠል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የመዝጊያዎቹ ክብደትም እዚያው ቢም ላይ ያርፋል። ስለዚህ በሩን ከማዘዛችሁ በፊት መሐንዲስ ቢሙን ይየው። አሉሚኒየምም በሙቀት ይረዝማል፤ ስድስት ሜትር ፍሬም በ40 ዲግሪ ልዩነት ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል። ጥሩ ገጣሚ ለዚህ ክፍተት ትቶ ነው የሚሠራው።

ደፉ ላይ ደግሞ ልቤ ያለው እናቴ ጋ ነው። የእህቴ በር ደፍ ከወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ እናቴ አንዴ ተደናቅፋበታለች። ደግነቱ አልወደቀችም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ በር ስትወጣ ሰው ትይዛለች። ደፉን ከወለሉ ጋር እኩል ማድረግ ይቻላል። ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም፣ በዊልቸር የሚሄደውም በነፃነት ያልፋል። ከፍ ያለው ደፍ ግን ውሃ የሚገታ ነበር፤ ሲነሳ ውሃው ሌላ መሄጃ ይፈልጋል። በረንዳው ከቤቱ ወደ ውጭ መዝቀዝቀዝ አለበት። በሩ ሥር ፍርግርግ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ መዘርጋት አለበት። ይህ ወለሉ ሳይነጠፍ የሚወሰን ነው፤ በኋላ ልሠራው ያለ ሰው ወለሉን ማፍረስ ይጠብቀዋል። በአውሮፓ በሮች ውሃ በመከላከል አቅማቸው ኢኤን 12208 በሚባል መለኪያ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ያው አንድ በር ዝቅ ባለ ደፍ ሲሠራ ዝቅተኛ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን የምትገዙት ደፍ የተፈተነበትን ወረቀት ጠይቁት።

መስታወቱንም በቁጥር ግዙ። በውስጥና በውጭ መካከል አንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ሙቀት፣ በዋት ሲለካ፣ ዩ ቫሊዩ ይባላል፤ ሲያንስ ይሻላል። ነጠላ መስታወት 5.7 ገደማ ነው። ተራ ድርብ መስታወት ወደ 2.8 ይወርዳል። በመሃሉ አርጎን ጋዝ ኖሮት ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ከተቀባ 1.1 አካባቢ ይደርሳል። ሻጮች የሚነግሯችሁ ብዙ ጊዜ የመስታወቱን ብቻ ነው። እናንተ የሙሉ በሩን ጠይቁ፣ ምክንያቱም አሉሚኒየም ሙቀት በጣም ያስተላልፋል። ፍሬሙ መሃል ላይ ሙቀት የሚቆርጥ ፖሊያማይድ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ከሌለው በብርድ ጊዜ ጠብታ ያወጣል። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ጠላት የከሰዓቱ ፀሐይ ነው። መጋረጃ ሙቀቱን የሚይዘው ከገባ በኋላ ነው። ከውጭ የሚሠራ ጥላ ይበልጣል።

ደኅንነት ላይ አትደራደሩ። እስከ ወለል የሚደርስ መስታወት ሲሰበር ወደ ጥቃቅን ፍርክስካሽ የሚለወጠው ጠንካራው ዓይነት፣ ወይም በመሃሉ ፕላስቲክ ስላለው ተሰብሮም የማይበተነው መሆን አለበት። ሌባ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ተጣጣፊው የሚያዋጣው ሰው አለ። በረንዳው ጣሪያ ያለው፣ አየሩ ለስላሳ የሆነ፣ በሩን በእውነት በየቀኑ የሚከፍት ሰው ይግዛው። ክፍተቱ ሦስት ሜትር ገደማ ሆኖ ግማሹ አይበቃኝም ለሚልም ደግ ነው። ግን ከመዝጊያዎቹ አንዱ ብቻውን እንደ ተራ በር የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ። አለዚያ ለአንዲት ድመት ሁሉንም ማጠፍ ሊኖርባችሁ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት ፍሬሞቹ በሚቆሙበት ልክ ከላይ እስከ ታች ገመድ ወጥራችሁ አንድ ሙሉ ቀን ከሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ እዩት። መዝጊያው የሚወጣበትንም ቦታ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። ማሳያ ክፍል ስትሄዱ ደግሞ ከቤታችሁ ጉልበቱ ደከም ያለውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እህቴ ለፎቁ በረንዳ ሁለተኛ በር ልትመርጥ ስትሄድ እናታችንን ይዛት ሄደች። እናቴ እዚያ ያሉትን ሦስት በሮች ሁሉ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደፋቸውን በእግሯ ሞከረች። ከዚያ ከፍ ብሎ በሚንሸራተተው ባለ ሁለት መዝጊያ ማንንም ሳትይዝ ወጥታ ተመለሰች። እሱን አዘዙት።