እሁድ እሁድ ባቡራችን ላይ የምትወጡ ትልልቅ ሰዎች፣ እባካችሁ አታጣድፉን

ብሶት ነው፣ ረጅምም ነው። ሌላ እሁድ ሳይመጣ ካልተናገርኩት ግን ያንቀኛል።

አቃቂ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ባቡር አለችን። የምንነዳት በጎ ፈቃደኞች ነን። አንዱ ቶርኖ ቤት አለው፣ አንዱ በያጅ ነው፣ አንዷ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛም አሉ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የባቡር ነገር የማያስችለኝ ሰው ነኝ።

የሃዲዷ ስፋት 184 ሚሊ ሜትር ነው። ተሳፋሪ ፉርጎው ላይ እግሩን አንፈራጦ ይቀመጣል። እሳቷ ግን እውነተኛ እሳት ነው። የተደበቀ ባትሪ የለም፣ የናፍጣ ሞተር የለም። ከሰል ይነዳል፣ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተን ይገፋል፣ ትሄዳለች።

ሰፈሩም የባቡር ሰፈር ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር የሚመጣው አሮጌው መስመር ለገሃር ከመግባቱ በፊት በአቃቂ ያልፍ ነበር። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እኔ ያደግሁት በናፍጣው ዘመን ነው። የእንፋሎቱን ባቡር ከሽማግሌ አፍ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። ስለዚህ ይህቺ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ለእኔ ቀልድ አይደለችም።

ብሶቴ ልጆቹ ላይ አይደለም። ልጆቹ ተሰለፉ ሲባሉ ይሰለፋሉ፣ እጃችሁን ሰብስቡ ሲባሉ ይሰበስባሉ። ብሶቴ እናንተ ይዛችኋቸው የምትመጡት ላይ ነው።

በሩ ላይ በትልቁ ጽፈናል፦ ጉዞ የሚጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ እሳት ስንለኩስ የሚደርስ ሰው አለ። መምጣቱ ደስ ይለኛል፣ ማየት የሚገባው ነገር ያኔ ነውና። ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጀመራል። «አትነሱም እንዴ?» «ልጁ እኮ እያለቀሰ ነው!» «ቀጠሮ አለን፣ አንድ ዙር ብቻ አዙሩንና እንሂድ።» በቀደም አንዱ ምን አለ? «ነጭ ጋዝ ጠብ አርጉበትና ይንደድ እንጂ! መኪና ውስጥ አለኝ፣ ላምጣ?» ከልቡ ነው። ሊሄድም ተነስቶ ነበር።

እሺ፣ ለምን እንደማንቸኩል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምናየው ውሃውን ነው። ሾፌሩ ፊት ለፊት ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለች፣ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት የብረት ጋን) ውስጥ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ እሷ ላይ ይታያል። ውሃ ካልታየ ክብሪት አይጫርም። ምክንያቱም የእሳቱ ሳጥን ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ ተሸፍኖ መኖር አለበት። ውሃው ከዚያ ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከላይ ባለው ግፊት ይደረመሳል። በየአገሩ ስንት ሾፌርና ስንት እሳት አቀጣጣይ የሞተው በዚህ ነው።

ውሃውም ዝም ብሎ ከቧንቧ የተቀዳ አይደለም። የእኛ አካባቢ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ ማዕድን አለው። የሻይ ጀበናችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቦይለር ውስጥም ይጋገራል። ሙቀት አያሳልፍም፣ ብረቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ክረምት የጣሪያ ውሃ በሮቶ እናጠራቅማለን። ሮቶው ጋ ሄዳችሁ እጃችሁን የምትታጠቡ ሰዎች፣ ያ ውሃ የባቡሯ ነው። የእጅ መታጠቢያው ከበሩ በስተግራ ነው።

ከዚያ እሳቱ። ቦይለር ብረት ነው፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ከእሳቱ ወገን ያለው ቀድሞ ይሞቃል፣ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው። ባንዴ እሳት ከለቀቅህበት አንዱ ሲለጠጥ ሌላው አልደረሰበትም፣ ቱቦዎቹ የተያያዙበት ቦታ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ትልልቆቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከቀዝቃዛ ተነስተው ለሥራ እስኪደርሱ ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር፣ እሳት የሚያነደው ሰው ሌሊት ነው የሚነሳው። የእኛዋ ትንሽ ስለሆነች በሰዓት ከምናምን ትደርሳለች። ይሄ እኮ ፈጣን ነው!

መጀመሪያ ላይ እሳቱ ራሱን ችሎ አይነድም፣ ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አድርገን አየር እንስብለታለን። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል። ያኔ ከአንዳችን መኪና ባትሪ እንፈታለን። ይህን ስናደርግ ከኋላችን «እነዚህ ሰዎች ግን ያውቁበታል?» የሚል ድምፅ ይመጣል። እናውቅበታለን፣ እመቤቴ። መብራቱን ያጠፋነው እኛ አይደለንም።

አሁን በጣም ያበሳጨኝን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ፣ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባቡሯ ስትነሳ ቆማ አየቻትና «ለምንድነው የሚያስነጥሳት?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ተንበርክኬ ማስረዳት ጀመርኩ። ፒስተኑን ገፍቶ የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ነው የሚወጣው። ሲወጣ ጭሱን ይዞት ይወጣል፣ ጭሱ ሲወጣ ደግሞ ከታች ንጹህ አየር እሳቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በጣም በሠራች ቁጥር እሳቷም ይበረታል። ሁለት ሲሊንደር አላት፣ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ይሠራል፣ ስለዚህ የብረት ጎማዋ አንዴ ሲዞር አራቴ ነው የምትተነፍሰው። «ቁጠሪ» አልኳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል አባትየው እጇን ጎተተ። «በይ ነይ፣ ቪዲዮ ሳንነሳ ልትሄድብን ነው።» ልጅቷ ወደኋላ እያየች ሄደች።

አራተኛውን እንኳ አላስቆጠራትም። ምን ነበር አንድ ደቂቃ ብትጠብቃት? ቪዲዮው የት ይሄድብሃል?

ወደ ሴፍቲ ቫልቩ ልምጣ። ግፊቱ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ራሱ ይከፈትና ትርፉን እንፋሎት ያስወጣል። ይጮሃል። መጮሁ ደህና ነን ማለት ነው። አንድ አባት ልጁ ደነገጠበትና መጥቶ «ይሄን ነገር ዝጉት፣ ልጅ ታስደነግጣላችሁ» አለኝ። አይዘጋም ስለው እጁን ሰደደ። እጁን! ጋሼ መሃል ገብተው ክንዱን ባይዙት ኖሮ ይቃጠል ነበር።

ወንድሜ፣ ስማኝ። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እዚያ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ግን በግፊት ስለተያዘ ከ160 ዲግሪ በላይ ነው። ግፊቱ በድንገት ቢለቀቅ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቫልቩ እዚያ ያለው ለዚህ ነው። ሁለት ያደረግነውም ለዚህ ነው፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው እንዲከፈት። ቦይለሩን ሰው ፊት ከማውጣታችን በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን እስከ 12 ባር ፈትነነዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የሚሆነው ውሃ ብዙም ስለማይታመቅ ነው፣ ቢቀደድ ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። በያጃችን የዚያን ቀን የግፊት መለኪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ ሳይቀመጥ ነው የዋለው። እንዲህ የተለፋበትን ነገር ነው መጥተህ «ዝጉት» የምትለኝ።

ቆርኪውስ? የባቡር ሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቆርኪ ሃዲድ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ባቡሩ ይዳምጠዋል፣ ጠፍጥፎ ይሰጥሃል። ትዝታው ይገባኛል። አሁን ግን አባቶች ለልጆቻቸው ሊያሳዩ ከለስላሳው ጠርሙስ ቆርኪ እየነቀሉ የእኛ ሃዲድ ላይ ያስቀምጣሉ። ትልቁ ባቡር በክብደቱ ይዳምጠው ነበር። የእኛዋን ከሃዲድ እንዳትወጣ የሚይዛት የጎማው ጠርዝ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆርኪ ላይ ከወጣች ትስታለች። ፉርጎው ላይ ደግሞ የተደረደሩት የእናንተው ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት አስተማሪዋ ጓደኛችን ሃዲዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ እየሄደች ጠጠርና ቆርኪ ትለቅማለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ትለቅማለች። እሷ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ዝቅ ብሎ ያገዛት ሰው እስካሁን አላየሁም።

«ስንት ይከፍሏችኋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምንም ነው። የምታዋጡት ለከሰልና ለቅባት ነው፣ ብዙ ጊዜም አይበቃም። «ታዲያ ምን ትጠቀማላችሁ?» ለሚለው ግን ከዚህ በኋላ መልስ አልሰጥም። ደክሞኛል።

«ፉሪ ለቡ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር እያለ በዚህ ዘመን ጭስ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። አዲሱን የጅቡቲ ባቡር እወደዋለሁ። በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ግን የኤሌክትሪክ ባቡር ውስጥ ያለውን ለልጅ ገልጠህ አታሳየውም። እዚህ ሁሉም ነገር ውጪ ነው። በትሩ ሲሄድ ይታያል፣ ጎማው ሲዞር ይታያል፣ እሳቱ በሩ ሲከፈት ይታያል። ጋሼ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ሲገቡ እሳቸውን ያሠለጠኗቸው ሰዎች በእንፋሎቱ ጊዜ የሠሩ ነበሩ። ከእነሱ የሰሙትን አሁን ለልጆቻችሁ ይናገራሉ። እሳቸው እያወሩ «ጋሼ፣ አሳጥሩትና እንሳፈር» የምትሉ አላችሁ። በዕድሜ አባታችሁ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው! የሚያውቁትን በነጻ እየሰጧችሁ ነው። ቢያንስ እስኪጨርሱ ስሟቸው።

እና በዚህ እሁድ የምትመጡ፦ ጉዞው አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ ከዚያ በፊት አንነሳም። ቀድማችሁ ከመጣችሁ ልጆቹን እሳቱ ጋ አቅርቧቸው፣ ይጠይቁ፣ ስልኩን ኪሳችሁ አስገቡት። እግር ፉርጎው ላይ ይሁን፣ ሃዲዱ መሃል ቆሞ ፎቶ የለም፣ ቆርኪ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ማገዝ የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አመድ እናወጣለን፣ የላላ ቡሎን እናጠብቃለን፣ ሃዲድ እንጠርጋለን። ቢቆሽሽ የማያሳዝን ልብስ ልበሱ። ጓንት እኛ ጋ አለ።