ዋጋ በውስጥ መስመር

መገናኛ አካባቢ አመሻሽ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ሰልቫጅ የሚሸጠው ልጅ የማስታወቂያ በጀቱ ጉሮሮው ነው። «መቶ ብር! መቶ ብር! ሁሉም መቶ ብር!» ይላል፣ በቃ። «ውድ ደንበኞቻችን» አይልም። ስለ ድርጅቱ ራእይና ተልእኮም አያወራም። አንድ ዓይኑን ደንብ አስከባሪ በሚመጣበት በኩል ተክሎ ዋጋውን ብቻ ይደጋግማል። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ኪሱን ያውቃል። መቶ ብር ካለው ጎንበስ ይላል፣ ከሌለው ሰልፉን ይጠብቃል። ቆራሌውም እንደዚያው ነው፤ በአንድ ዜማ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ስለሚያልፍ ባዶ ጠርሙስ ያጠራቀመችው እናት ገና ከሩቅ ስትሰማው በሩን ትከፍታለች። ወያላው ደግሞ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል መድረሻውንም የቀረውንም ወንበር ተናግሯል። ገብተው ሲያዩ የቀረው አንድ ሳይሆን ስድስት ሰው ነው። ዛሬ ዲጂታል ማርኬተር ነኝ የሚለው ሁሉ «ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቶናል!» የሚለውን ከየት እንደተማረ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

የሰልቫጁ ልጅ ዘመናዊ ወንድም ቦሌ አንድ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የቴሌግራም ቻናል አለው። ጃኬት ይለጥፋል። ከጃኬቱ በላይ አራት የእሳት ምልክት፣ ከጃኬቱ በታች ሁለት አልማዝና አንድ ዘውድ ይደረድራል። «ኦሪጅናል»፣ «ብራንድ»፣ «ለክብርዎ የሚመጥን» ይላል። ከዚያ ገዢው የሚፈልጋት አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ እንዲህ ይጽፋል፦ «ዋጋ፦ በውስጥ መስመር»።

ውስጥ መስመር የሚባለው አገር ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት የለም። ገዢ ማክሰኞ ጠዋት 3፡10 ላይ «ሰላም፣ ጃኬቱ ስንት ነው?» ብሎ ይልካል። 5፡40 ሲሆን «ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ» የሚል ይመጣል። «እግዚአብሔር ይመስገን። ጃኬቱ ስንት ነው?» 8፡15፦ «የቱ ጃኬት?» ገዢ ከቻናሉ ላይ ፎርዋርድ ያደርግለታል። 11 ሰዓት፦ «እሱ በጣም አሪፍ ነው፣ የቱርክ ነው።» «እሺ፣ ስንት?» «ሳይዝ ስንት ነው ምትለብሰው?» «ኤል።» ረቡዕ ረፋድ ላይ ቁርጡ ይታወቃል፦ «ኤል አልቋል ብሮ።» የዋጋው ነገር እስከ ዛሬ በምስጢር እንደተያዘ ነው።

ሻጩን ብትጠይቁት ምክንያት አያጣም። አንደኛው «ተፎካካሪ ዋጋዬን አይቶ ይሰብርብኛል» ነው። ተፎካካሪው ግን ስልክ አለው፣ እህትም አለችው። በእህቱ አካውንት ገብቶ «ሰላም ውዴ፣ ስንት ነው?» ይላል። ከደንበኛ ሁሉ ቀድሞ መልስ የሚያገኘው ደግሞ እሱ ነው፤ ፕሮፋይሏ ቆንጆ ነዋ።

ሌላው «ዶላሩ እየተቀያየረ ነው» የሚለው ነው። ይሄ እውነትነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጠዋት የተጻፈ ዋጋ ማታ የሚያስቆጭበት ቀን ታይቷል። ግን ቻናል ላይ የለጠፉት ጽሑፍ እንደ ሐውልት ጽሑፍ ተቀርጾ የሚቀር አይደለም። ጫን ብለው ይዘው እርሳሷን ሲነኩ ይታረማል። ወይም ከዋጋው ጎን «እስከ ቅዳሜ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ሁለት ቃል። እንዲያውም ገዢን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ያቺ «እስከ ቅዳሜ» ናት፣ አልማዙ አይደለም።

እውነተኛው ምክንያት ግን አይነገርም፤ ጃኬቱ የእሱ አይደለም። ፎቶው መርካቶ ካለ አከፋፋይ ቻናል የተወሰደ ነው፤ አከፋፋዩ ጥግ ላይ የጻፈውን ስሙን ቆርጦ የራሱን ለጥፎበታል። አከፋፋዩም ቢሆን ከቻይና ድረ ገጽ ነው ያወረደው፤ ሞዴሏ ጃኬቱን ለብሳ የቆመችበትን ጎዳና መርካቶ ውስጥ ፈልጎ ያገኘ የለም። እናም «ስንት ነው?» ሲባል ልጁ ወደ ላይ «ስንት ነው?» ይላል፣ እሱም ወደ ላይ ይጠይቃል። መልሱ ሲወርድ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየወፈረ ነው። ከላይ ያያችሁት የ8፡15 እና የ11 ሰዓት ርቀት የዚህ መሰላል ቁመት ነው። ሲወርድ ሲወርድ የገዢውን ፕሮፋይል ፎቶ ያይና አንድ ጊዜ ደግሞ ይወፍራል። ከጀርባዎ በረዶ ከታየ አለቀልዎ፤ ሚኒሶታ ነዎት ማለት ነው። ዋጋ የሚጠይቁት ለቄራ ሰፈር ወንድምዎ ልብስ ቢሆንም የሚነገርዎት የሚኒሶታ ዋጋ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ወንድማችን ሕግ አክባሪ ስለሆነ 3ኛ ፎቅ ያለችው ሱቁ ግድግዳ ላይ የዋጋ ዝርዝር ለጥፏል። በቀን አራት ሰው የሚገባበት ግድግዳ ላይ ዋጋ ይለጥፋል፣ አሥር ሺህ ሰው የሚያልፍበት ቻናል ላይ ይደብቃል።

«ኢንቦክስ ሲበዛ፣ ኮሜንት ሲበዛ ሪች (የሚያየን ሰው ብዛት) ይጨምራል» የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። የሚለጥፉት ሁሉ «ላይክ፣ ሼር፣ ታግ ያድርጉ» በሚል ልመና ያልቃል። ፌስቡክ እንዲህ ያለውን ልመና የሚያበዛ ገጽ ወደ ታች እንደሚያወርድ ያስታወቀው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ነው። አዋጁ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ፖስተሩ። ግራፊክስ ዲዛይነር የሚባለው ምስኪን ልጅ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ አለቃው ከኋላው ቆሞ «ሎጎውን አተልቀው» ይላል። ይተልቃል። «ስልኩን ቀይ አድርገው።» ይቀላል። ሁለቱም የዘነጉት ግን ፎቶ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ተነክቶ የማይደወል መሆኑን ነው። ገዢው ቁጥሩን በቃሉ አጥንቶ መደወያው ላይ ሲደርስ መጨረሻው 47 ይሁን 74 ይጠፋዋል። ቁጥሩ ከፎቶው ሥር በጽሑፍ ከገባ ግን አንድ ጣት ይበቃል። የቲክቶኩ ይብሳል። 1080 በ1920 በሆነው ቁመታም ቪዲዮ ላይ ስልኩንና አድራሻውን ከግርጌ ያሰፍራል። ቲክቶክ ግርጌውን ለመግለጫ ጽሑፍ፣ የቀኝ ጠርዙን ለልቧና ለሼሯ ነው የሚጠቀምበት። ስለዚህ ለሕዝብ የሚታየው ማስታወቂያ «09» ካለ በኋላ ልብ ውስጥ የሚገባ ቁጥር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፍ ሁሉ ከመሐል ወደ ላይ።

ቪዲዮው ሲጀምር ደግሞ ምድር ትሽከረከራለች፣ መብረቅ ይወርዳል፣ ከመብረቁ ውስጥ ሎጎ ይወጣል። ሰባት ሰከንድ። ተመልካቹ ገና በሦስተኛው ጣቱን አንስቶ ሄዷል፤ መብረቁ የወረደው ባዶ ቤት ላይ ነው። ጫማ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያዋን ሰከንድ ጫማውን እጥፍ አድርጎ ሶሉ እንደማይሰነጠቅ ቢያሳይባት፣ በሁለተኛዋ ዋጋውን ቢናገር፣ መብረቁን ለክረምት ቢተወው ይሻለዋል። ፎቶም ቢሆን ካሜራ አይደለም የሚጎድለው። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ወዝ ይዟል፣ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረግ። መብራት ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ዕቃው ነጭ ወረቀት ላይ ይቀመጥ። አሁን ባለው ልማድ የሴት ቦርሳ የሚነሣው የአንበሳ ብርድ ልብስ ላይ ስለሆነ፣ ከገዢ የሚመጣው ጥያቄ ግማሹ ስለ ብርድ ልብሱ ነው።

የጽሑፉ አከፋፈት የተለየ በሽታ አለበት። ቴሌግራም ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሑፍን በነፃ አካውንት እስከ 1024 ሆሄ ነው የሚፈቅደው፤ ክፍት ቦታው ሳይቀር ይቆጠራል። የእኛ ሰው ከዚህ ውስጥ ሩቡን «እንኳን ለ… በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉ የሰላም፣ የፍቅር፣ የመተሳሰብ…» ላይ ያፈስሰዋል። ለመስቀል ደመራው አጠገብ ጫማ አለ፤ ለኢድ ያው ጫማ ጨረቃ ሥር ይቆማል፤ ለገና ኮፍያ ደፍቶ ይመጣል። ጫማው የሁሉንም በዓል አክብሮ አልተሸጠም። ስልክ ላይ ብቅ በምትለው ማሳወቂያ የምትታየው ግን የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ናት። ያቺ መስመር «የሴት ቡት፣ ከ37 እስከ 40፣ 3,500 ብር» ብትል መሸጫ ናት። «እንኳን አደረሳችሁ» ካለች ፖስት ካርድ ናት።

ስለ ተከታይ ብዛት መናገር ያስፈራል፤ የሰው ኩራት ነው። «60 ሺህ አባል አለን» የሚል ቻናል ገብታችሁ ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ተመልከቱ። 300 ትላለች። የቀሩት 59,700ዎቹ ላም አለኝ በሰማይ ናቸው፤ የተገዙ፣ ስም እንጂ ነፍስ የሌላቸው። አንዳንዱ ደግሞ ነፍስ ያላቸውን ይገዛል። ቻናሉ አምና «የ12ኛ ክፍል ውጤት» ነበር፤ ተማሪው ውጤት ሊያይ ተሰበሰበ፣ ባለቤቱ ሸጠው፣ ዘንድሮ የሶፋ ቻናል ሆነ። 18 ዓመት ላይ ዶርም ለመግባት የሚጠባበቅ ልጅ ኤል ቅርፅ ሶፋ አይገዛም። ፌስቡክ ላይ ይህን ጉድ ማየት ለሚፈልግ የገጹ ግልጽነት የሚል ክፍል አለ፤ ገጹ መቼ እንደተከፈተና ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረ ይዘረዝራል። «ዕለታዊ ጸሎት» ሆኖ ተጠምቆ፣ «የፍቅር ጥቅሶች» ሆኖ ጎልምሶ፣ «ሪል እስቴት» ሆኖ የመነኮሰ ገጽ ታገኛላችሁ።

ቡስት፣ ማለትም ለፌስቡክ ከፍሎ ማስታወቂያን ለብዙ ሰው ማሳየት፣ ሌላ ዓለም ነው። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነና የብር ካርድ ስለማይሠራ መሐል ላይ «ካርድ ያለው ልጅ» ይገባል። ልጁ ዶላሩን በራሱ ምንዛሪ ያሰላል፤ የእሱን ተመን የትኛውም ባንክ ሰሌዳ ላይ አታገኙትም። ከዚያ ገብቶ የተመልካቹን ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ቦታውን መላው ኢትዮጵያ ላይ እንዳለ ትቶት ቁልፉን ይጫናል። በማግስቱ ልደታ ያለው ሶፋ ቤት ከጎዴ 200 ላይክ አገኘ። ላይክ አድራጊዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ግን ለሶፋ ብለው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አይመጡም። ካርታው ላይ ሱቁን ነክቶ ዙሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ማለት ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ ዓላማውን «መልእክት» ብሎ ቡስት አድርጎ መልእክት የሚመልስ ሰው አለማስቀመጥ አለ። ይሄ ድግስ ጠርቶ በር እንደመቆለፍ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በቪፒኤን በከረምንበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ቀልድ መጣ። በቪፒኤን የገባ ሰው ሰርቨሩ ያለበት አገር ነዋሪ መስሎ ስለሚታይ፣ ሜክሲኮ አደባባይ የተቀመጠው ደንበኛ የኔዘርላንድ አይብ ማስታወቂያ ሲያይ ይውላል።

ሽያጩ ተሳክቶ ክፍያ ላይ ከተደረሰ በኋላም ቢሆን ሰላም የለም። «ልኬያለሁ፣ ስክሪንሾቱን እይ» ይባላል። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ ሥዕል ነው። 350 የነበረውን 3,500 ለማድረግ አንድ ዜሮ የምትጨምር አፕ በነፃ ይወርዳል። የራስን ሂሳብ ከፍቶ ቀሪውን ማየት ነው፤ ሞተረኛው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ትእዛዝ አለኝ» እያለም ቢሆን። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ የ09 ቁጥር «ውድ ደንበኛ፣ ሂሳብዎ ገቢ ሆኗል» የሚል ከመጣ የጻፈው ቴሌብር ሳይሆን ደንበኛው ነው። ገዢም በበኩሉ ገንዘቡን ከማረጋገጡ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብብ። ሱቁ የእገሌ ቡቲክ ሆኖ ተቀባዩ ሌላ ሰው ከሆነና «የአክስቴ ሂሳብ ነው» ከተባለ፣ ለአክስትየው ሰላምታ ልኮ መውጣት ነው።

ለነገሩ መገናኛ ያለውን የሰልቫጅ ልጅ አንዱ መንገደኛ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ጣለው እንበል። መብረቅ የለው፣ ሎጎ የለው። በ20 ሰከንድ ውስጥ 14 ጊዜ «መቶ ብር! ሁሉም መቶ ብር!» ይላል። ቪዲዮው ሰፈር ለሰፈር ዞረ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ሪያድና ዱባይ ደረሰ። ከሥሩ የመጀመሪያው ኮሜንት፦

«አሪፍ ነው። ዋጋው ስንት ነው?»

ከኮሜንቱ ሥር ደግሞ ልጁን አይቶት የማያውቅ፣ ላስቲኩንም ጃኬቱንም በአካል ያላየ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ መልሷል፦

«ኢንቦክስ ቼክ።»